ለአማት ተብሎ የተቀባው ሰዓት

ሰርጉ በደረሰበት ሳምንት ቲራዌት የሟች አባቱን ሰዓት በፍራፍሬ ቢላ ፈልቅቆ ከፈተው። ያ ሰዓት ደግሞ ዝም ብሎ ሰዓት አይደለም። ዱሪያን የተባለው ፍሬ እንደ ወርቅ በተሸጠበት ዓመት አባትዬው ከአትክልታቸው ያገኙትን ሁሉ ይዘው ባንኮክ ድረስ ሄደው የገዙት፣ ገጹ እንደ ሙዝ ቅጠል አረንጓዴ የሆነ የስዊስ ሰዓት ነው። የሙሽሪት እናት እማማ ላምዱዋን ለጥሎሽ ወርቅም ብርም ቢቆጠርላቸው ፊታቸውን አልፈቱም። "እኔ የምፈልገው ያንን ሰዓት ነው፤ የጥሎሹ ትሪ ላይ ካላየሁት ደጄን አትረግጡም" አሉ።

ሰጥቶ መገላገል ነበር። ግን ቲራዌት አማቱን እንደ መብረቅ ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። እማማ ላምዱዋን ቅዳሜ መወለዳቸውን ከጎረቤት ሰማ። ቅዳሜ ለተወለደ ሰው አረንጓዴ መዓት፣ ሐምራዊ ደግሞ በረከት መሆኑን በከተማቸው በቻንታቡሪ የማያውቅ ሕፃን እንኳን የለም።

"ሰዓቱን በሰጠኋቸው ማግስት ከደረጃ ቢወድቁስ? ገዳያቸው እኔ ነኝ! ገጹን ሐምራዊ ላደርገው ነው" አለው ለጓደኛው ለካምፖን።

"ታዲያ ለባለሙያ ስጠዋ።"

"የባለሙያው ወረፋ ዝናብ እስኪገባ አይደርሰኝም። ቪዲዮ አይቻለሁ፤ ሰውየው እያፏጨ ነው ገጹን የሚቀይረው።"

"የሚያፏጨውማ ሰዓቱ የአባቱ ስላልሆነ ነው!"

ቲራዌት አልሰማም። ከእህቱ ሐምራዊ የጥፍር ቀለም ተዋሰና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ክዳኑ ሲነሳ ብሎኖቹ ተረጩ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ምንጣፉን ሁሉ በእጁ ዳበሰ። ቆጣሪዎቹን በሻይ ማንኪያ ሲፈነቅል ደግሞ ሰከንድ ቆጣሪው ተስፈንጥሮ ወረደ፤ የእናቱ ዶሮ ትል መስሏት ዋጠችው።

"እንረዳት?" አለ ካምፖን።

"ዶሮዋን ብነካ እናቴ እኔን ታርደኛለች።"

ገጹን ቀባው። ሳሳበትና ደገመው፤ ወፈረበትና ሊያስተካክለው በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ አሻራው ታተመበት። ከብሩሹ የተነቀለች አንዲት ፀጉርም እዚያው መሐል ተጋድማ ቀረች። ቀለሙ ሳይደርቅ ስለገጠመው የቀሩት ሁለት ቆጣሪዎች ተጣበቁ። ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ዝም አለው። ያንን ድምፅ ልጅ ሆኖ አባቱ ክንድ ላይ ተኝቶ ሲሰማው ነው ያደገው። ዓይን እኩላለሁ ብሎ ማጥፋት ማለት ይኸው ነው፤ ቲራዌት እዚያው ተቀምጦ አለቀሰ።

የሰርጉ ዕለት ረፋድ ላይ ሙሽራው በከበሮና በጭፈራ ታጅቦ ደረሰ። የሙሽሪት አክስቶች እንደ ወጉ መግቢያውን ሊዘጉበት የወርቅ ሰንሰለት በሩ ላይ ዘርግተው ያዙ። እማማ ላምዱዋን ከወርቁም ከብሩም በፊት እጃቸውን ወደ ሰዓቱ ሰደዱ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ሰዓቱ ነው፣ እማማ።"

"ሰዓቱማ አረንጓዴ ነበር!"

ከበሮው ቆመ። ቲራዌት መሬት መሬቱን እያየ፣ "የቅዳሜ ነዎት ሲሉኝ አረንጓዴው እንዳይጎዳዎት ብዬ... በገዛ እጄ ቀባሁት" አለ።

"ማን ነው የቅዳሜ? እኔ የተወለድኩት ገና ዶሮ ሳይጮህ ነው! ፀሐይ ካልወጣች ቀኑ ያው ዓርብ ነው። ለዓርብ ሰው አረንጓዴ ምንድን ነው?"

"ሀብት!" አሉ አክስቶቹ ባንድ ድምፅ።

"ለሱ ብዬ እኮ ነው የጠየቅሁት፣ አንተ ጉድ!"

ይኼኔ ሙሽሪት ፓንዋድ በመስኮት ብቅ አለች። "እኔስ የምን ቀን ነኝ?"

"ሐሙስ" አለ ቲራዌት።

"ለሐሙስ ሰው ሐምራዊ ምንድን ነው?"

"መዓት!" አሉ አክስቶቹ።

"ለእናቴ ስትጨነቅ እኔን ረሳኸኝ።"

ከአማቱ ቁጣ ይልቅ ይኼ ጎዳው። ፓንዋድ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ጠርሙስ በመስኮት ወረወረችለት። "ያ ሐምራዊ ሳይለቅ ይኼን ደጅ አታልፍም!"

ቲራዌት በሐር ልብሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን በጣፋጩ ማንኪያ ፈታ፤ አሁንስ ለምዶታል። ወዳጅ ዘመድ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ጣፋጩ ሳህን ላይ እየቀለጠ፣ ፈተገ። ሐምራዊው ለቀቀ። አረንጓዴውም ተከትሎት ለቀቀ። ከሥር ቢጫ ናስ ራቁቱን ቀረ።

እማማ ላምዱዋን ሰዓቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩት።

"ለሐሙስ ሰው ቢጫ?"

"ሀብት!"

"ለዓርብ ሰውስ?"

"ሥልጣን!"

እማማ ላምዱዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "እንግዲያው ሀብቱ ለልጄ፣ ሥልጣኑ ለእኔ።" የሞተውን ሰዓት እጃቸው ላይ አሰሩት። "ሰንሰለቱን አንሱለት። አንተ ግን ስማ፦ በኔ ቤት ማንኪያ የምትነካው ለመብላት ብቻ ነው!"

ከበሮው እንደገና ተመታ። ካምፖን ወደ ጓደኛው ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "አንተ የማክሰኞ ልጅ አይደለህም እንዴ? ለማክሰኞ ሰው ቢጫ መዓት ነው እኮ!" አለው።

"አውቃለሁ" አለ ቲራዌት። ጫማውን አወለቀና ገባ።