እስከ ሰባት ቤት

አቶ ወንድይራድ ወደ ግብር ቢሮ የመጡት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ በላዩ ላይ ነጠላ ደርበው ነው። ልጃቸው ሲራክ «አባባ፣ ስካተኮንቶር፣ ግብር ቢሮ እኮ ነው የምንሄደው» ቢላቸው አልሰሙትም። የጋብቻ ጉዳይ የሚመረመርበት ቦታ ሽማግሌ ሳይዙ አይኬድም አሉ። እኔን ያስከተሉኝ ለማስተርጎም ነው። ሲራክ በስዊድንኛ ከእኔ አሥር እጅ ይበልጣል፤ ግን አባቱ አያምኑትም።

«እሱ የሚመቸውን ብቻ መርጦ ነው የሚነግረኝ። አንቺ ወሬ ስለምትወጂ አንድ ቃል አታስቀሪም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ብርቅአየሁ እባላለሁ፤ ስቶክሆልም፣ ሮግስቬድ ሰፈር፣ ከአቶ ወንድይራድ ቤት በታች ያለው ፎቅ ላይ እኖራለሁ፤ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው። የሰው ጉዳይ ማወቅ ስለምወድ ብዙ ሰው ይቆጣኛል። እኔም ብዙ ሰው እቆጣለሁ፤ ተቻችለን እንኖራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስዊድን ውስጥ መጋባት የፈለገ ሰው መጀመሪያ «ሂንደርስፕረቭኒንግ» የሚባል ነገር ያስፈልገዋል። ለመጋባት የሚከለክል ነገር እንደሌለ ተጣርቶ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ያንን ያልያዘ ሰው ቄስም ሆነ ዳኛ ፊት ቢቆም አያጋቡትም። ድሮ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ነበር የሚያጣራው፤ በፈረንጅ ከዘጠና አንድ ወዲህ ግን ሥራው ለግብር ቢሮ ተሰጠ። ለምን ለግብር ቢሮ እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቄ እስካሁን የሚያረካ መልስ አላገኘሁም። ሲራክ ይህንን ለአባቱ ሲያስረዳ «ዝምድና ወይም ሌላ እንቅፋት እንዳለ የሚመረምሩበት ነው» አላቸው። አቶ ወንድይራድ ደስታቸውን አልቻሉትም። ስዊድንም እንደ መንዝ ሰው ዘር የምትቆጥር መሰላቸው።

አቶ ወንድይራድ የመንዝ፣ የግሼ ሰው ናቸው። በእሳቸው አገር መሬት የሚገኘው ዘር በመቁጠር ነበር፤ አያቶቹን በስም ጠርቶ ዳኛ ፊት መቆም ያልቻለ ሰው ርስቱን ሌላ ይወስድበታል። ለጋብቻም እንደዚያው ነው። እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ አንድ አያት ላይ የተገናኙ አይጋቡም። ሰባተኛው ራሱ ይከለክላል ወይስ አይከለክልም የሚለው ብዙ ያከራክራል፤ እሳቸው ግን ይከለክላል ባይ ናቸው። ያን ቀን በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ ስንሄድ ሙሉ መንገዱን እየቆጠሩ ነበር። «የሲራክ አባት ወንድይራድ፣ አውላቸው፣ ድልነሳው፣ ክፍለማርያም፣ እምሩ፣ ሀብተጽዮን፣ ሰርጸወልድ።» ሰርጸወልድ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ድምፃቸው ከፍ ይላል። አንካሳ ነበር፤ እያነከሰ ሦስት ቀን ሄዶ ርስቱን በችሎት አስመልሷል። ይህን ታሪክ ከመስማቴ ብዛት እኔው ራሴ ልናገረው እችላለሁ።

ቢሮው ውስጥ የተቀበለችን ሴት መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደርባባ ናት። ከሲራክና ከእጮኛው ከሀሴት የመታወቂያ ቁጥራቸውን ወሰደች። ከዚህ በፊት አግብታችሁ ታውቃላችሁ? አናውቅም። ወንድምና እህት ናችሁ? አይደለንም። እዚህ ላይ በክብራችሁና በህሊናችሁ ፈርሙ። ፈረሙ። ማተሚያው አጉረመረመና ወረቀት አወጣ። ለአራት ወር ያገለግላል፤ ለሚያጋባችሁ ሰው ስጡት አለችና ፈገግ አለች።

አቶ ወንድይራድ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አሁን ሊጀምሩ ነው?»

«አልቋል» አልኳቸው።

«ምኑ ነው ያለቀው? የልጅቷን ቅድመ አያት ማን ጠየቀ? ንገሪያት።»

ሲራክ በስዊድንኛ «እትዬ ብርቅአየሁ፣ እባክዎ አይንገሯት» አለኝ። ነገርኳት። እኔም ምን እንደምትመልስ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ሕጉ ወላጅና ልጅ፣ ወንድምና እህት እንዳይሆኑ ነው የሚለው፤ የአጎት ልጅና የአክስት ልጅ ቢጋቡ ግን ችግር የለውም አለች። ይህችን ልተርጉማት ወይስ ልተዋት ብዬ ትንሽ አመነታሁ። አንድ ቃል አታስቀሪም ተብያለሁና ተረጎምኳት። አቶ ወንድይራድ ቀስ ብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የአጎት ልጅ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ታላቅ መንግሥት ነው ብዬ ነበር» አሉ።

ሴትዮዋ ግን ነገሩ ስቧታል። እናንተ እስከ ስንት ትቆጥራላችሁ አለችኝ። ሰባት ስላት ጣቷን ዘርግታ የራሷን ጀመረች። አባቷን አለች፤ አያቷን አለች፤ ቅድመ አያቷ ላይ ጣቷን እንደያዘች ቀረች። አቶ ወንድይራድ ይህን ሲያዩ አዘኑላትና ተነሥተው የራሳቸውን እስከ ሰርጸወልድ፣ እስከ አንካሳ እግሩ ድረስ ቆጠሩላት። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየናል። ሲራክ መሬት ተከፍታ ብትውጠው የሚወድ ይመስል ነበር።

«በይ እስቲ፣ አሁን ያንቺ ተራ ነው» አሏት ሀሴትን።

«ሀሴት ደምስስ ሽፈራው» አለች። ከዚያ በላይ አታውቅም። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት፤ አንጀቴን በላችው።

ሀሴት የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ሳቂታ፣ ሥራ ወዳድ ልጅ ናት። አባቷ የሞተው በደርግ ጊዜ፣ እሷ ገና አፍ ሳትፈታ ነው። እናቷ በሱዳን አድርጋ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ እዚህ አመጣቻት፤ እናቷም እዚሁ ስቶክሆልም ውስጥ አርፋለች። የአባቷን ወገን የሚያውቅ ሰው ከጎኗ የለም። አቶ ወንድይራድ ውጭ በረዶው ላይ ቆመው የተናገሩት አጭር ነበር። ልጅቷን አልጠላትም፤ እንዲያውም እወዳታለሁ፤ ግን ዘሯ ሳይቆጠር አልመርቅም አሉ። ሲራክ ተቆጣ። ወረቀቱ በእጃችን ነው፣ ቄሱም ቀን ሰጥቶናል፣ ምረቃው ይቅር አለ። ለካ ሀሴት ነበረች የማትስማማው።

ማታ እኔ ቤት መጥታ፣ «እትዬ፣ እኔ አባት የለኝም። አንድ አባት ላገኝ ነው ብዬ ነበር። ፊታቸውን አዙረው የሚቀመጡበት ቤት አልገባም። ካልመረቁን አላገባም፤ ለሲራክም ነግሬዋለሁ» አለችኝ።

ስለ አባቷ አገር እናቷ የነገረቻት ነገር ካለ ብዬ ጠየቅኋት። ብዙ አሰበችና «ሞላሌ» አለች። ሞላሌ ደግሞ መንዝ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘሁ እንቅልፍ የለኝም። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጠየቅሁ፤ ቅመማ ቅመም የሚሸጠው ሱቅ ጠየቅሁ፤ በስልክ ጠየቅሁ። አንዱ ወደ አንዱ እየመራኝ በመጨረሻ ወይዘሮ ያለምወርቅ የሚባሉ የሞላሌ እናት ሜርስታ በምትባል ከተማ እንዳሉ ሰማሁ። አውሮፕላን ማረፊያ የምትሠራ ልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። ደምስስ ሽፈራውን በልጅነቱ ያውቁታል ተባለ። ለሀሴት ስነግራት አቅፋ ሳመችኝ። እኔም የጀግንነት ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ከአቶ ወንድይራድ ጋር ሁለታችን በፔንደልቶግ ባቡር ሄድን። ልጆቹን አላስከተልናቸውም፤ የሽማግሌ ጉዳይ ነው አሉ። ወይዘሮ ያለምወርቅ ፀጉራቸው ፍጹም የነጣ፣ ጆሯቸው የከበደ፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ የሆነ ሴት ናቸው። የሁለቱ የመንዝ ሰዎች ሰላምታ ብቻውን አንድ ሥራ ነው፤ አገሩን፣ ታቦቱን፣ ወንዙን ሁሉ ተጠያየቁ። ከዚያ አቶ ወንድይራድ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ሽፈራውን ያውቁት ነበር ይባላል።»

«ሽፈራው ተክለአብን? ጎረቤቴ ነበር እኮ። ልጁ ደምስስ ደጄ ላይ ነው ያደገው። ሴት ልጅ ትቷል ማለት ነው? ተመስገን» አሉና ዓይናቸውን ጠራረጉ። ከዚያ ማንም ሳይለምናቸው መቁጠር ጀመሩ። «ደምስስ፣ ሽፈራው፣ ተክለአብ፣ ንጋቱ፣ ወልደሐና፣ አስፋው...»

አቶ ወንድይራድ በእያንዳንዱ ስም ጣታቸውን እያጠፉ ይሰማሉ። ስድስት ላይ ደርሰው ፊታቸው ፈካ። አንዱም እሳቸው ከሚቆጥሯቸው ስሞች ውስጥ የለም። እኔም በልቤ የሠርጉን ልብስ መምረጥ ጀምሬአለሁ።

«...ሰርጸወልድ» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

አቶ ወንድይራድ ሰባተኛ ጣታቸውን ሳያጥፉ ቀሩ።

«የትኛው ሰርጸወልድ?» አሉ አቶ ወንድይራድ።

«አንካሳው ነዋ። የግሼ ሰው ነበር ይላሉ። እዚያ ሚስትና ልጅ እያለው ሞላሌ ለሙግት መጥቶ ሌላ አገባ፤ የኛዎቹ ከዚያች ከሁለተኛዋ ናቸው። ያውቁታል?»

«ስሙን ሰምቼዋለሁ» አሉ።

እኔ እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። የሲራክ ሰባተኛና የሀሴት ሰባተኛ አንድ ሰው ነው። ልጆቹ ዘመዳሞች ናቸው፤ በአቶ ወንድይራድ ሕግ አይጋቡም። ወይዘሮ ያለምወርቅን ፈልጌ ያገኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ማንም ሳይልከኝ፣ በገዛ እግሬ። ያን ሰዓት ራሴን ጠላሁት።

ዝም ማለት የማላውቅ ሴት ከሜርስታ እስከ ስቶክሆልም ሴንትራል አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተቀመጥኩ። አቶ ወንድይራድ በመስኮቱ ጥዱንና በረዶውን ያያሉ። ባቡሩ ሊቆም ሲል «ብርቅአየሁ» አሉኝ።

«አቤት።»

«ሰርጸወልድ ሁለተኛዋን ሲያገባ ማን መረመረው?»

መልስ የፈለጉ አልመሰለኝም። ለልጆቹ ምን ሊሉ ነው ብዬ ልጠይቃቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳየው ተውኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ልጆቹን ቤታቸው ጠሯቸው፤ እኔንም ጠሩኝ። ሀሴት ረጅም ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ጉልበቷ ላይ እጆቿን ቆልፋ ተቀምጣለች። ሲራክ አጠገቧ ሆኖ እግሩን ያንቀጠቅጣል። ፍርድ ቤት የገባን ይመስል ነበር። አቶ ወንድይራድ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሜርስታ ሄደን ነበር። አባትሽን የሚያውቁ ሰው አገኘን። ጥሩ ዘር ነው ያለሽ» አሏትና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። «ደምስስ። ሽፈራው። ተክለአብ። ንጋቱ። ወልደሐና። አስፋው።»

እዚህ ላይ ቆሙ። ሀሴት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስሞቹን በውስጧ ትደግማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማቸው ነው፤ የሠርጉን ጉዳይ ረስታ ስሞቹን ብቻ የያዘች ትመስል ነበር።

«ሰባተኛውስ?» አለ ሲራክ።

አቶ ወንድይራድ ጣታቸውን አዩት።

«ረሳሁት» አሉ።

«እርስዎ? እርስዎ ረሱ?»

«ሰው አይደለሁም? አርጅቻለሁ እኮ። ሴትዮዋ ነግረውኝ ነበር፤ ከራሴ ወጣ።»

ሲራክ አባቱን በግርምት አያቸው። ሮግስቬድ ውስጥ የአቶ ወንድይራድን አእምሮ የማያውቅ ሰው የለም፤ የጎረቤቱን ሁሉ ስልክ ቁጥር በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ሀሴት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኖቿ ሰፍተው፣ የምር ማወቅ ፈልጋ ነው።

«እትዬ ብርቅአየሁ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ። ማን ነበር ያሉት?»

አቶ ወንድይራድ አላዩኝም። ወለሉን ነው የሚያዩት። በሕይወቴ አንድ ነገር አውቄ ሳልናገር የቀረሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

«እኔማ ስድስቱንም አላስታውሳቸውም» አልኩ።

አቶ ወንድይራድ ተነሡ። ልጆቹ ሁለቱም ሄደው ጉልበታቸውን ሳሙ፤ እሳቸውም እጃቸውን በልጆቹ ራስ ላይ ጭነው መረቋቸው። ውለዱ ክበዱ አሏቸው። ሀሴት «አባባ» ስትላቸው እኔ ወደ ኩሽና ገብቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩ፤ አለቀስኩ።

ሠርጉ የግብር ቢሮው ወረቀት ጊዜው ሳያልፍ፣ በሚያዝያ ሆነ። ሰው ሁሉ አቶ ወንድይራድ ተነሥተው እንደ ልማዳቸው ዘራቸውን እንዲቆጥሩ ለመናቸው። እንቢ አሉ። ከዚያ ወዲህ በቱነልባናም፣ በለቅሶም፣ በልደትም ሲቆጥሩ የሰማቸው የለም፤ ያን ያህል የሚወዱትን የሰርጸወልድን ስም አንድ ቀን አልጠሩም። ሰው ቢጠይቃቸው «እስከ ስድስት ይበቃል» ይላሉ።