ደረጃ ሦስት የሚል ሸራ

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አለምብርሃን የወላጅ ስብሰባ የሚጠራው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ አይወጣም። ሱቁ ዝግ ነው፤ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ግማሹ በርጫ ላይ ነው። ሰውየው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ እዚህ ዓመታት ኖሯል። ስብሰባ ተጠራ እንዲባል እንጂ ሰው እንዲመጣ አይፈልግም።

እኔ ግን እሄዳለሁ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ሲያድ እባላለሁ። ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎሚስታ ነበርኩ፤ አሁን ሥራውን ለወንዱ ልጄ ለቅቄያለሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፣ በአማርኛ። ሰብሳቢ ያደረጉኝ ጢሜ ነጭ ስለሆነና ብዙ ስለማልናገር ነው። ለፎቶ እመቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቱ ደረጃ ሁለት ተሰጠው። ኢንስፔክሽን የሚባሉ ሰዎች ይመጣሉ፣ ወንበር ይቆጥራሉ፣ ሽንት ቤት ያያሉ፣ የፈተና ውጤት ይደምሩበትና ቁጥር ይሰጣሉ። ደረጃ አራትን ያየ የለም። ደረጃ ሦስት ያገኘ ዳይሬክተር ቢሮ ይገባል ይባላል፤ ሁለት ላይ የቀረ ደግሞ ገጠር ይላካል ይባላል። አለምብርሃን ገጠር አይወድም። ጫማው ላይ አቧራ ሲያርፍ ቆሞ በሶፍት የሚጠርግ ሰው ነው።

ለደረጃ ሦስት ከስድስተኛ ክፍል ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ማለፍ አለባቸው። አንዱ መንገድ ማስተማር ነበር። እሱ ሌላ አገኘ።

በግቢያችን የሚበዙት ልጆች በአማርኛ ይማራሉ። ጥግ ላይ ባለው አሮጌ ሕንፃ ደግሞ በሶማሊኛ የሚማሩ ጥቂት አሉ። እነዚህ ጥቂቶች እኛ ግቢ ይቀመጡ እንጂ ውጤታቸው የሚቆጠረው ገጠር ላለ፣ ክፍል ለጠበበው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። አለምብርሃን ይህን አሮጌ ሕንፃ ለዓመታት ዞር ብሎ አላየውም ነበር። ዘንድሮ አየው። በሞዴል ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ካመጡት መካከል ቤታቸው ሶማሊኛ የሚወራባቸውን ለቅሞ ወደዚያ አዛወራቸው።

በስብሰባው ላይ ይህን እንዲህ አድርጎ አልተናገረም። አንዳንድ ተማሪዎች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲፈተኑ ሁኔታዎች እየተመቻቹ ነው አለ። መብት የሚለውን ቃል ደጋገመ። ከኮሚቴው የተገኘነው እኔና አንድ እንቅልፍ የያዘው ሰው ነበርን። ያ ሰው አጨበጨበ።

ማን ማን እንደሆኑ ስጠይቀው ገና እየተጠና ነው አለኝ። ተጠንቶ አልቆ ነበር። ማታ የልጅ ልጄ ሳቢሪን የፈተና መግቢያ ካርዷን አሳየችኝ። ከስሟ በላይ ፎቶዋ አለ፤ ከፎቶው ሥር የፈተና ቋንቋ፡ ሶማሊኛ ይላል።

ሳቢሪን ሰነፍ አይደለችም። በሞዴሉ ሳምንት ያ የወባ ትንኝ የሚያመጣው ትኩሳት ከተማውን ሲዞር እሷንም ይዟት ነበር። ጭንቅላቷን በሻርፕ አስራ ገብታ፣ ግማሹን ሠርታ ወጣች። ሶማሊኛ ትናገራለች፤ ከእኔ ጋር የምታወራው በእሱ ነው። አንብባው ግን አታውቅም። ሒሳቡንም ሳይንሱንም የተማረችው በአማርኛ ነው።

እናቷ ፋርሂያ የእኔ ልጅ ናት፤ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ጅቡቲ ያለችው የባሏ እህት ልጆቿን የምትጠብቅላት ልጅ ትፈልጋለች። ፋርሂያ ቁርጡን ከነገረችን ቆይታለች። ሳቢሪን ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች ክረምቱ ሳይወጣ ጅቡቲ ትሄዳለች። ፋርሂያ ክፉ ሰው አይደለችም። የማያልፍ ልጅ ማስተማር ለሷ የማይሸጥ ጨርቅ እንደ ማከማቸት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ሄድኩ። አለምብርሃን ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ይህ ሰው ሲጨክን «አቶ ሲያድ» ይለኛል፤ የሚፈልገው ነገር ሲኖረው «አባባ» ይለኛል።

«አቶ ሲያድ፣ ልጅቷ ሶማሊ አይደለችም እንዴ?» አለኝ።

«ነች።»

«ቤት ውስጥ በምን ታወራላችሁ?»

«በሶማሊኛ።»

«ታዲያ ቅሬታዎ ምንድን ነው?»

«አንተ ቤትህ አማርኛ ታወራለህ» አልኩት። «ፊደል ሳትቆጥር አማርኛ ታነብ ነበር?»

አንተ ማለቴ አልተመቸውም። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የምንለው። እሱ ግን ከደጋ ይዞት የመጣውን አንቱታ እስካሁን አላወለቀም። ወረቀቶቹን አስተካከለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ የሚቀጥለው ሳምንት ኢንስፔክሽን ይመጣል። እርስዎን ያናግራሉ። ዝውውሩን ወላጆች ናቸው የጠየቁት ይበሉልኝ። የሳቢሪንን ካርድ ዛሬውኑ አስለውጣለሁ።»

«የሌሎቹስ?»

«የሌሎቹ የርስዎ ልጆች አይደሉም።»

ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። ሊያስከፋኝ ብሎ አይደለም የተናገረው። የሚጠቅመኝን የነገረኝ መስሎታል። ተነስቼ ወጣሁ። በሩ ላይ የአማርኛ ክፍሉ መምህርት የኔነሽ ቆማ ነበር። ሳቢሪን በአማርኛ ብትፈተን እንደምታልፍ፣ ይህንንም ተናግራ ዝም በይ እንደተባለች ነገረችኝ። ቀጥሎም ይህን ነገረችኝ ብዬ ለማንም እንዳልናገር ለመነችኝ። ፈሪ ናት። ግቢው በሙሉ እንዲህ ነው፤ የሚያውቀው ብዙ ነው፣ የሚናገረው የለም።

ለፋርሂያ የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ የምትጠቀልለውን ጨርቅ አስቀመጠች።

«ካርዷን እለውጣለሁ አለህ፣ አንተ እምቢ አልክ?»

«አዎ።»

«ለሌላ ሰው ልጆች ብለህ?»

«ለሱ ብዬ ላለመዋሸት።»

«እንግዲያው ብትወድቅ አውቶቡሱ ድረስ የምትሸኛት አንተ ነህ። እኔ አይደለሁም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ምሳዬን በልጇ እጅ ነው የላከችልኝ።

ሳቢሪን ግን አላለቀሰችም፣ አልወቀሰችኝምም። በአሮጌው ሕንፃ የምትማር ዐማል የምትባል ጎረቤት አለቻት። መጽሐፏን እየያዘች እንድትመጣ ለመነቻት። ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ይቀመጣሉ። የሶማሊኛ ፊደል የእንግሊዝኛው ነው፤ ሳቢሪን ፊደሎቹን ከእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ታውቃቸዋለች። በእንግሊዝኛ ድምፅ ስታነባቸው ግን ዐማል በሳቅ ትወድቃለች።

«አንቺ! ቱሪስት ነሽ እንዴ?» ትላታለች። «እንዲህ ብለሽ ገጠር ጀልዴሳ ብትሄጂ ፍየሉም አይሰማሽ።»

ሳቢሪን ትታረምና ትቀጥላለች። ቃሉን አፏ እስኪያገኘው ድረስ ፊደሉን በጣቷ ትከተላለች፤ ድምፁ ሲወጣ ጆሮዋ ያውቀዋል። ያኔ ቀና ትላለች። የማታውቀው የትምህርቱን ቃላት ነው። በአማርኛ የምታውቀውን ሁሉ ዐማል በሶማሊኛ ስም ታወጣላታለች። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። ልረዳት የምችለው ነገር አልነበረም። እኔም ሶማሊኛ ማንበብ አልችልም። ሌሎቹ የተዛወሩት ልጆችም ይምጡ ብዬ በሳቢሪን ልኬ ነበር። ሁዘይፋ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ልጅ መጣ። የቀሩት አልመጡም፤ አንዳንዶቹ ወላጆች ካርዱ ላይ ያለውን ገና አላነበቡትም ነበር።

ኢንስፔክሽኖቹ መጡ። የግቢው ድንጋይ ነጭ ኖራ ተቀብቷል። የተሰበሩት ወንበሮች በሙሉ ከአሮጌው ሕንፃ ጀርባ ተከምረዋል። በዚያ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ። ዋናው ኢንስፔክተር ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ የያዘ፣ ላብ የሚያሰቃየው ሰው ነበር። አለምብርሃን አጠገቤ ተቀመጠ።

ሰውየው ዝውውሩን ወላጆች ጠይቀው እንደሆነ ጠየቀኝ። አልጠየቁም፣ ማንም አላማከራቸውም አልኩት። ልጆቹ በሶማሊኛ ማንበብ እንደማይችሉ፣ የተዛወሩትም ውጤታቸው እዚህ እንዳይቆጠር መሆኑን ነገርኩት። ጻፈ። አለምብርሃን ጫማውን ያይ ጀመር።

«የወላጆችን ተሳትፎ እንዴት ይገልጹታል?» አለኝ ኢንስፔክተሩ። «ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ።»

«ዝቅተኛ።»

«እንዲህ በግልጽ ሐሳብ መስጠትዎ ራሱ ተሳትፎ ነው፣ አባቴ» አለና ከፍተኛ በሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር የሚለው ላይም አደረገ። ከዚያ ተነስቶ ሽንት ቤቱን ሊያይ ሄደ። አለምብርሃን ተከተለው። ቀና ብሎ ነበር የሚሄደው።

የቀረው የፈተናው ውጤት ብቻ ሆነ። አለምብርሃን በራሱ ስለተማመነ ሸራውን ቀድሞ አሳተመ። ትልቅ ሰማያዊ ሸራ ነው። የራሱ ፎቶ በአንድ በኩል፣ በመሃል «ደረጃ ሦስት ትምህርት ቤት»፣ ከታች «ጥራት መለያችን ነው» ይላል። ጥበቃው ጠቅልሎ መጋዘን ሲያስገባው አየሁት።

ፈተናው አለፈ። ሳቢሪን ስትወጣ እንዴት ነበር ብዬ አልጠየቅኳትም። ዐማል በመንገድ ላይ እያሾፈችባት ነበር፤ እሷም ትስቅ ነበር። እኔ ግን ውጤቱ እስኪወጣ ድረስ ከቤት አልወጣሁም። የጅቡቲ አውቶቡስ መናኸሪያን አስብ ነበር።

ሳቢሪን አለፈች። ብዙ አልተረፋትም፤ ግን አለፈች። ሁዘይፋም አለፈ። ከተዛወሩት ያለፉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፋርሂያ በዚያን ቀን ምሳዬን ራሷ ይዛ መጣች። ስለ ጅቡቲ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም።

ሁለት ቀን ሳይሞላ አለምብርሃን ቤቴ መጣ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዚያ ፀሐይ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ሳቢሪን ውሃ አቀረበችለት። ጠጣና ወሬውን ዙሪያ ጥምጥም ጀመረ። በኋላ ነገሩ ወጣ። በአማርኛው ያለፉት ከግማሽ በላይ አልሆኑም፤ ለጥቂት ጎድሏል፤ ሁለት ያለፉ ልጆች ቢጨመሩ ይሞላል። ስለዚህ ሳቢሪንና ሁዘይፋ በስህተት ወደ ሶማሊኛው እንደተመዘገቡ ተደርጎ፣ ውጤታቸው ወደ እኛ ትምህርት ቤት እንዲመለስ አስቧል። የሁዘይፋ አባት ተስማምቷል። የቀረው የእኛ ፈቃድ ነው።

«የሷም ስም ሸራ ላይ ይወጣል፣ አባባ» አለኝ። «ከፎቶዋ ጋር።»

«ሌሎቹንም መልሳቸው» አልኩት።

«የትኞቹን?»

«የወደቁትን። እነሱም በስህተት ነው የሄዱት።»

ጢሙን ዳሰሰ። «አባባ፣ እነሱ ከተመለሱ እኮ ጭራሽ ወደ ታች ነው የምንወርደው።»

«ይህን ስታዛውራቸውም ታውቀው ነበር።»

ወደ ሳቢሪን ዞረ። በለሰለሰ ድምፅ፣ የትምህርት ቤቷን ስም ማስጠራት እንደማትጠላ እርግጠኛ መሆኑን ነገራት። እሷ ባዶውን ብርጭቆ ከፊቱ አነሳች።

«አዎዌ፣ እኔ እዚያው ልሁን» አለችኝ፣ እሱን ሳታይ። አያቴ ማለቷ ነው። «ያለፍኩት በሶማሊኛ ነው።»

«ሰማህ?» አልኩት።

«ልጅ ናት፤ እርስዎ ነዎት የሚወስኑት።»

«ወስኛለሁ። እዚያው ትሁን።»

በሩ ላይ ሲደርስ «አቶ ሲያድ፣ ይህ ለማንም አይጠቅምም» አለኝ። ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ሄደ።

ትምህርት ቤቱ ደረጃ ሁለት ላይ ቀረ። አለምብርሃንም ገጠር አልተላከም፤ እሱን የሚያስፈራሩበት ነገር ለካ ባዶ ወሬ ኖሯል። አሁን ከሰብሳቢነት አንስቶኛል፤ ያንን ያጨበጨበውን ሰው ተክቷል። የወደቁት ልጆች ክፍሉን ይድገሙ ተባለ። በየትኛው ቋንቋ እንደሚደግሙ በስብሰባው ላይ የጠየቀ የለም። ካርዳቸው ላይ የተጻፈውን ቋንቋ ለወላጆቹ ላነብላቸው በየቤታቸው የምዞረው እኔ ነኝ። አንዳንዱ ወላጅ ሻይ ያቀርብልኛል፤ አንዳንዱ ዳይሬክተሩ ምን አደረገህ ብሎ ይቆጣኛል።

ሳቢሪን ሰባተኛ ገብታለች። ጠዋት ጠዋት እስከ ደቻቱ ድልድይ አብሬያት እሄዳለሁ። ድልድዩ ሥር፣ ጎርፍ ከማይደርስበት ወገን፣ ሃሊሞ የምትባል ሴት ቲማቲም ትሸጣለች። ያ ሰማያዊ ሸራ አሁን የሷ ጥላ ነው። ጥበቃው ነው የሸጠላት። ጽሑፉን ወደ ውስጥ ገልብጣ ስለወጠረችው ከመንገድ አይነበብም። ከሥሩ ሲቀመጡ ግን የአለምብርሃን ፊት ከላይ ቁልቁል ያያል።

ሃሊሞን ይህ ሰውዬ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት።

«አላውቀውም» አለች፣ ቲማቲሟን እየደረደረች። «ግን ፀሐይ ይከላከላል።»