ክዳኑ ከተነሳ በኋላ

ከርዊን ከመርከቡ ሲወርድ ሦስት ሺህ ቱሪስት አብሮት ወረደ። እነሱ የገለባ ባርኔጣቸውን ደፍተው ግሬናዳን ሊያዩ ነው፤ እሱ ደግሞ የተወለደባትን ደሴት ለስድስት ሰዓት ሊጎበኝ ነው። አሥራ አንድ ወር ባሕር ላይ ከከረመ በኋላ መርከቡ እዚህ ሲቆም ይህ የመጀመሪያው ነበር። «ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ያልተሳፈረ ቀረ ማለት ነው» ተብሏል።

የመጣው የእናቱን ኦይል ዳውን፣ ያን በአንድ ድስት ተደርድሮ የሚበስል የደሴቲቱን ምግብ፣ ለመብላት ብቻ አይደለም። በመርከቡ ወጥ ቤት ሁለተኛ ሼፍ ነው፤ ለሺዎች ያበስላል። እናቱ ሚስ አያንቲ ግን ጉያቭ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ባለው ቤቷ አንድም ቀን ድስቷን አስነክታው አታውቅም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አንድም ቀን! ጉያቭ ውስጥ ድስት የሚሞላ፣ ማለትም ምግቡን በድስቱ ደርድሮ የሚያበስል ሰው የቤቱ ራስ ነው። አሁን ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟቸው በስልክ «ና፣ አንተ ትሞላዋለህ» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ባሕሩ ዳር ጉልቻ ጎልተው፣ እንጨት አንድደው ጠበቁት። ጎረቤቱ ሁሉ ፍርድ ሊሰጥ ተሰብስቧል። ከርዊን እጁን ታጥቦ የዳቦ ፍሬ የሚሉትን ድንች መሰል የዛፍ ፍሬ ቆራርጦ ከታች ደረደረ፤ በላዩ በጨው የደረቀውን ዓሣ፣ ድብልብሉን ሊጥና የጎደሬውን ቅጠል ጨመረ፤ በመጨረሻም እርድ የገባበትን የኮኮናት ወተት አፈሰሰበት።

«አልጋ እያነጠፍክ ነው እንዴ? ጠቅጠቅ አድርገው እንጂ!» አለች እናቱ።

«እማ፣ እኔ እኮ ለሦስት ሺህ ሰው ነው የማበስለው።»

«አማራጭ ስለሌለው ነዋ የሚበላልህ! ባሕር መሃል ወዴት ይሂድ?»

ጎረቤቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከርዊንም ሳቀ፤ ስድቧ ራሱ ናፍቆት ነበር።

ድስቱ ተከደነ። ወተቱ መጠጥ ብሎ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ማንም አያማስለውም፣ ማንም አይከፍተውም። ይህን የጉያቭ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ከርዊንም ያውቀዋል። እጁ ግን አሥራ አንድ ወር በየአምስት ደቂቃው ሲከፍትና ሲቀምስ የከረመ እጅ ነው። እናቱ ውሃ ልትጠጣ ዞር ስትል ክዳኑን አነሳ፤ ማንኪያ ሰደደ፤ ይባስ ብሎ አማሰለው። እንፋሎቱ ቡልቅ ብሎ ወጣ።

«ወይኔ! ገደልከው!» ስትል ጮኸች።

«እማ፣ ልቅመሰው ብዬ ነው...»

«ቱሪስት! እውነትም ከቱሪስት ጋር ነው የወረድከው!»

ከስድቦቿ ሁሉ ይህቺኛዋ ወጋችው። በገዛ አገሩ እንግዳ ሆኖ ተገኘ።

እሳቱ ቢጨመርበትም ወተቱ አልመጠጥ አለ። ስምንት ሰዓት ሆነ፤ ስምንት ተኩል አለፈ። ወደ መርከቡ ሊመልሰው የሚጠብቀው የታክሲ ሹፌር ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ከርዊን ሳይበላ ሊሄድ ተነሳ፤ ሆዱም ልቡም ባዶ ነበር። እናቱ ግን ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ «ምን ታፈጣለህ? በዚያ በኩል ያዝ!» አለችው። ድስቱን መሃላቸው አስቀምጠው ወደ ወደቡ ከነፉ። መንገዱን ሙሉ እንዳኮረፈች ነበር፤ ክዳኑን ግን በዚያ በሚያማት እጇ ተጭና ይዛዋለች።

ወደብ ውስጥ ምግብ ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ እዚያው አጥሩ ሥር ቆመው መብላት ጀመሩ። የበሩ ጠባቂ ዴልማ ሽታው ጠርቷት መጣች፤ የጉያቭ ልጅ ናት፣ በሚስ አያንቲ ድስት ያደገች።

«የእርስዎን ድስትማ ሳልቀምስ አላልፍም» ብላ አንድ ቁራጭ ጎረሰች። አኘከች። ቆም አለች። «ሚስ አያንቲ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የዳቦ ፍሬው ጥሬ ነው እኮ። ዛሬ እጅዎ ከዳዎት እንዴ?»

ከርዊን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እናቱ በመላው ጉያቭ የተከበረ ስሟን ልታድን ስትል እሱን የምታጋልጥበት ሰዓት እንደ ደረሰ ገባው።

ሚስ አያንቲ አፏን ጠረግ አደረገች። «የኔ እጅ አይደለም። የሞላው ልጄ ነው» አለች። «ደግሞስ ምኑ ነው ጥሬ? ምን የመሰለ በስሏል!»

ከዚያም ከድስቱ ትልቁን ቁራጭ መርጣ አነሳች፤ በቀሯት አምስት ጥርሶች እየቆረጠመች፣ ዓይኗን ከዴልማ ዓይን ሳትነቅል፣ እስከ መጨረሻው በላችው።