የማን ሰዓት?

ወይንእሸት ስልኩን ስታነሣ ደዋይዋ ሰላምታም አላስቀደመችም።

«አባቴን ከጠዋት ጀምሮ አስፋልት ዳር አስቀምጣችሁ መኪናችሁ በስምንት ሰዓት ይመጣል? ቢቸና ስንደርስ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን እየጫኑ ነበር!»

ደዋይዋ ማናለሽ ትባላለች፤ የሞጣ ሰው ናት። የአባቷ የአቶ ወልደ ሰንበት ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ተጋርደዋል። ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች ቢቸና ላይ ለሦስት ቀን በነፃ ቀዶ ሕክምና ሲሰጡ፣ የእሳቸው ተራ የደረሰው በመጨረሻው ቀን ነበር። ተራው አመለጣቸው።

ወይንእሸት የምትሠራው ቢቸና በሚገኝ አንድ የሕሙማን ማመላለሻ ማኅበር ውስጥ ነው። ከወር ወዲህ እዚያ የመኪና ቀጠሮ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ረዳት ነው። ቤተሰብ በስልኩ በአማርኛ ይጽፋል፤ ረዳቱ ያነባል፣ መኪና መያዣ፣ ጉዞ መሰረዣ ከመሳሰሉት የሶፍትዌር መሣሪያዎች የሚስማማውን ይመርጣል፣ ትእዛዙን ለማኅበሩ ሶፍትዌር ያስተላልፋል። ሶፍትዌሩም ለሾፌር መልእክት ይልካል። እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚሠራና ምን እንደሚፈልግ ለረዳቱ የሚነግረው አጭር መግለጫ አለ። መግለጫዎቹን የጻፈቻቸው ወይንእሸት ናት።

ይቅርታ ጠይቃ ስልኩን እንደ ዘጋች መዝገቡን ከፈተች። ማናለሽ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ብላ ጽፋለች። ረዳቱ ለመሣሪያው ያስተላለፈው «8:00» ነው። ሶፍትዌሩም ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ለሾፌሩ «ስምንት ሰዓት» ብሎ ላከ። ረፋዱ ላይ ማናለሽ «መኪናው የት ደረሰ?» ብላ ብትጠይቅ «በቀጠሮው ሰዓት ይደርሳል» የሚል መልስ አግኝታለች።

ወይንእሸት መጀመሪያ ረዳቱን ረገመች። ቀጥላ የራሷን መግለጫ አወጣች። «መኪና ይይዛል። ቀንና ሰዓት ይቀበላል።» በቃ፣ ይኸው ነው። ለምሳ ልትወጣ ስትጣደፍ የጻፈችው መሆኑ ትዝ አላት። ረዳቱ ሰዓቱን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መለወጡ ትክክል መስሎት ነው፤ አትለውጥ ያለው የለም። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ጊዜ ቁጥሩን ሳይነካ ስላሳለፈ ደግሞ ማንም አልጠረጠረም።

ሾፌሩ ጋሼ ታዘበው ቁልፉን ሊያስረክብ ገባ።

«ስምንት ይላል፣ በስምንት ደረስኩ» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ልጅቷ አባቷን በሚኒባስ እንሂድ ብትላቸው ‹ይመጣል ተብሏል› ብለው እንቢ አሉ አሉ። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ‹መጣህ ልጄ?› ነው ያሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም ጋሼ። እስቲ ቁጭ ይበሉና ይቺን ያዳምጡኝ።»

አዲሱን መግለጫ እየጻፈች አነበበችለት። «ለአንድ ሕመምተኛ ለአንድ ጉዞ መኪና ይይዛል። የተያዘ መኪና የት እንደ ደረሰ ለማወቅ አያገለግልም። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ተጠቃሚው ሁለት ካለ ሁለት ተብሎ ይላክ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው አብሮ ይላክ። ተጠቃሚው ካልገለጸ ይጠየቅ፤ አይገመት።»

ታዘበው ጢሙን እያሻሸ አሰበ። «ቀኑስ?»

«ቀኑ ምን ሆነ?»

«የሚነሡበት ነው የሚታከሙበት? የሞጣ ሰው ‹የሰኞ ቀጠሮ አለኝ› ብሎ እሑድ ነው የሚነሣው።»

ወይንእሸት ይህን ፈጽሞ አላሰበችውም። «ቀን» የሚለውን «የመነሻ ቀን» አለችው፤ የሕክምናው ቀን ብቻ ከተነገረ ረዳቱ የመነሻውን እንዲጠይቅም ጨመረችበት። ከዚያ ሰዎች እንደሚጽፉት አድርጋ ሃያ መልእክት ላከች። አሥራ ዘጠኙን ረዳቱ በትክክል አስተላለፈ። «ወፍ ሲንጫጫ» ላለችው ግን ዝም ብሎ ከመገመት ይልቅ «ስንት ሰዓት ልበል?» ብሎ መለሰላት። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

መግለጫው ቢስተካከልም የሽማግሌው ዓይን እንደ ተጋረደ ነው። ወይንእሸት የሐኪሞቹን አስተባባሪ አመተ ሥላሴን አፈላልጋ ደወለች። ቡድኑ ወደ ሉማሜ ሄዷል፤ ሐሙስ አንድ ሰው መጨመር ይቻላል ተባለ። ወዲያው ለማናለሽ ነገረቻት።

«አሁንም ያ ማሽናችሁ ነው የሚይዝልን?»

«አይደለም፤ እኔው እመጣለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት ከታዘበው ጋር በጉንደ ወይን አድርገው ሞጣ ገቡ። አቶ ወልደ ሰንበት ነጠላቸውን አጣፍተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ወይንእሸት ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ሰዓት ብዬ የማን ሰዓት እንደ ሆነ ሳልናገር ቀረሁ።»

«ለማን ነው ያልተናገርሽው?»

«ለማሽኑ።»

«እና እሱ ምን ያድርግ? ያልነገሩትን ከየት ያምጣው። እኔስ አዝኜ ነበር ልጄ፣ አልዋሽሽም። በይ፣ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይላሉ፤ ሥሩን ካገኘሽው ደግ ነው።»

ማናለሽ ግን እንደ ተኮሳተረች መኪናው ውስጥ ገባች። ወይንእሸትም ልታባብላት አልሞከረችም።

ሐሙስ ሉማሜ ላይ የቀኝ ዓይናቸው ተሠራ። በማግሥቱ ነርሷ ፋሻውን ስታነሣላቸው ብርሃኑ ከበዳቸውና ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ገለጥ አድርገው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«ከስተሻል» አሏት።

ማናለሽ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። ቆየት ብላ ወደ ወይንእሸት ዞረችና «የግራውን በጥቅምት እንሠራለን ብለዋል። መኪናውን ያኔም በጽሑፍ እንያዝ?» አለቻት።

«ያዙ። ሰዓቱን ግን መልሶ ይጠይቅሻል፤ እንዳትቆጪ።»

ሰኞ ቢሮ ገብታ የቀሩትን መግለጫዎች ከፈተች። የስረዛው «ጉዞ ይሰርዛል» ይላል። የማንን ጉዞ፣ መሄጃውን ብቻ ወይስ መመለሻውንም፣ አይናገርም። በመስኮት አንገቷን አውጥታ ጎማ የሚፈትሸውን ታዘበውን «ጋሼ፣ ይቺንም ያዳምጡኝ!» ብላ ተጣራች።