ያልታጠበው ስፖንጅ

የዓሣ ገንዳውን ውሃ ልትደፋ ባልዲውን ስታነሳ፣ አባቷ ከሶፋው ጠርዝ ሆነው፣ "ደግሞ ልታጥቢው ነው?" አሉ።

"ደፍርሷል እኮ አባዬ።"

"ትናንትም ደፍርሶ ነበር። ትናንትም አጥበሽዋል።"

በሆስፒታል የቀዶ ጥገና መሣሪያዎች ማምከኛ ክፍል ኃላፊ ናት። ባልደረቦቿ በሌለችበት "በረኪና" ይሏታል፤ ሰምታለች፣ ደስም ብሏታል። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የቀሩትን አባቷን ለምና ለምና ቤቷ አምጥታቸው፣ ሲቁነጠነጡ ብታይ ጊዜ ነው ገንዳውን የገዛችው። ለውጥም አላጣችበትም። አባቷ ወንበር አስጠግተው፣ "ይቺ ቀበጥ ናት፣ ያኛው ሆዳም ነው" እያሉ መዋል ጀምረው ነበር። አሁን ግን ቀበጧ ሞታለች። የቀሩትም አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው ያለከልካሉ።

"እኔ እሁድ ወደ ቤቴ ልሂድ" አሉ አባቷ። "ሲሞቱ ማየት አልችልም። ደግሞም እዚህ ቤት..." ዋጥ አደረጉት።

"እዚህ ቤት ምን?"

"ምንም። ንጹሕ ነው።"

ይህቺ ንግግር ወጋቻት። ባልዲውን አስቀመጠች። ያልገባት ነገር ሲገጥማት የምታለቅስ ሴት አይደለችም፤ እልህ ይይዛታል። ከገንዳው ውሃ በትንሽ ጠርሙስ ቀዳችና ጠዋት ለሆስፒታሉ የላብራቶሪ ባለሙያ ወሰደችለት። እሱ ቤቱ ውስጥ ዓሣ ሲያረባ ዓመታት ሆኖታል።

ውሃውን መርምሮ ቅንድቡን አነሳ። "አሞኒያው ለጉድ ነው! ማጣሪያውን በምን ታጥቢዋለሽ?"

"በፈላ ውሃ።"

"ገንዳውንስ?"

"በበረኪና። ግን በደንብ አለቀልቀዋለሁ።"

ራሱን ያዘ። "አንቺ ሴት! የዓሦቹን ቆሻሻ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እኮ ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው የሚኖሩት። ገና ጎጆ ሳይቀልሱ ትፈጃቸዋለሽ። ዓሦቹ የታመሙት በራሳቸው ኩስ ተመርዘው ነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ባክቴሪያ ስፈጅ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ላርባ?" አለችና ራሷ ቀድማ ሳቀች።

ከገባት በኋላ ግን አላመነታችም። ማታ ቤቱ ሄዳ ከራሱ ገንዳ ማጣሪያ ላይ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ አስቆረጠች። ቡናማ፣ የሚያሙለጨልጭ፣ የሚሸት ነገር ነው። ከነውሃው በላስቲክ ቋጥራ፣ አውቶቡሱ ውስጥ እንደ አራስ ታቅፋው መጣች። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን ይዘው ወንበር ቀየሩ።

ስፖንጁን ማጣሪያው ውስጥ ከታ አባቷን ጠራች። "አባዬ፣ ይህን ማንም እንዳያጥበው። እኔም ጭምር።"

"ሲያጌጡ ይመላለጡ" አሉ አባቷ፣ ፈገግታቸውን ሳይደብቁ።

"ይበሉ እንጂ፣ ይገባኛል! አሁን በየቀኑ ጥቂት ውሃ መቅዳት፣ ክሎሪኑ እንዲወጣለት ባልዲ ውስጥ ያደረ ውሃ መተካት ነው። ምግባቸውንም መቀነስ። እኔ ከነካሁት እጄ አያርፍም። እርስዎ ይያዙት።"

አባቷ አተኩረው አዩዋት። ከመጡ ጀምሮ እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሥራ ተሰጥቷቸው አያውቅም፤ ብርጭቆ እንኳ ጠጥተው ሳይጨርሱ ከእጃቸው ተወስዶ ይታጠባል። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስትመለስ አባቷን የፕላስቲክ ቱቦ ይዘው ውሃ ሲቀዱ አገኘቻቸው። ውሃው አሁንም ትንሽ እንደደፈረሰ ነው፤ ዓሦቹ ግን ወደ መሐል ወርደው ይዋኛሉ።

"ነገ እኔ ከሄድኩ ማን ይቀዳላቸዋል?" አሉ ሳይዞሩ። ከዚያ ድንገት ጮኹ፤ "በላ! ሆዳሙ በላ! ነይ እዪው!"

ሲጠሯት ቱቦው ከእጃቸው አመለጠ። ያ የዓሣ ኩስ ውሃ በተወለወለው ወለል ላይ ፈሶ ምንጣፉን አራሰው። ደስታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ፤ ወለሉን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ጨርቅ ፍለጋ ዙሪያቸውን ተመለከቱ።

እሷ ወደ መወልወያው ግማሽ መንገድ ሄዳ ነበር። ቆመች።

"ይተዉት አባዬ፣ ይደርቃል" አለች። ወንበር ስባ፣ እግሯን ከነካልሲዋ እርጥቡ ምንጣፍ ላይ አሳርፋ አጠገባቸው ተቀመጠች። "የቱ ነው ሆዳሙ?"