የሁለት ድስት ምሳ

ኦብሴ ምሳ አልበላም ካለች አፏን የሚያስከፍት ሰው አልተፈጠረም። አባቷ ጆቴ ይህን ያወቀው ሚስቱ ዲንቄ ሥራ የጀመረች ሰሞን ነው።

ዲንቄ አዳማ ውስጥ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ተቀጥራለች። ገና ሳይነጋ ወጥታ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመለሳለች። ጆቴ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ እስከ ምሽት ፎርክሊፍት ይነዳል። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ ልጅ የሚቀባበሉት በር ላይ ነው። ስለዚህ ምሳ የጆቴ ድርሻ ሆነ። ያን ሁሉ ጭነት ሲያነሳ የሚውል ሰው አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ማጉረስ አቃተው።

አልሞከረም አይባልም። የግቢው ባለቤት፣ አሮጊቷ አዴ ኤቢሴ፣ ልጅ የሚበላው ሲርበው ነውና ጠዋት ወተት አትስጣት አሉት። ከለከላት። ልጅቱ ያለ ወተትም ያለ ምሳም ዋለች። የሥራ ባልደረባው ካርቱን እያሳየህ አጉርሳት አለው። ካርቱኑን አፏን ገጥማ አየች። ድንች ቀቅሎ ፈጭቶ ሽሮው ውስጥ ደበቀ፤ በምላሷ ለይታ አወጣችው። ማንኪያ ይዞ ግቢውን አባረራት። እሷ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ሮጠች፤ እሱ ላብ በላብ ሆነ፤ ሽሮው ቀዘቀዘ።

ከሁሉ የባሰው የጎረቤቱ የኑሬ ምክር ነበር። ኑሬ ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱ ገበያ ስለምትውል በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ እየሠራ ልጁን ሱሃይላን ይጠብቃል። ሱሃይላ ከኦብሴ በጥቂት ወር ብትበልጥ ነው።

"አባ ኦብሴ፣ ለልጅ ፊት አይሰጥም" ይለዋል እግሩን ከመርገጫው ሳያነሳ። "ሳህኑን አስቀምጥና ዞር በል። የእኔዋ ሳህኑን ልሳ ነው የምትነሳው።"

ጆቴ ሳህኑን አስቀምጦ ዞር አለ። የአዴ ኤቢሴ ዶሮዎች በሉት።

አንድ እሁድ ዲንቄ ልጅቱን ለቤተ ክርስቲያን ስታለብስ ጉርድ ቀሚሷ ወገቧ ላይ አልቆም አለ። ከፍ ስታደርገው ይወርዳል። ወስዳ ለኑሬ ሰጠችው፤ እሱም ወገቡን አጥብቦ ሰፋላት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ነው አፏን የከፈተችው።

"ለአገር ምድሩ ሳበስል እውላለሁ፤ የወለድኳት ግን ጦሟን ትውላለች። እስከ ወሩ መጨረሻ አያለሁ፣ ጆቴ። ካልሆነ ሥራው ይቅርብኝ።"

ሥራ ከጀመረች ወዲህ ዲንቄ አረማመዷ ተለውጧል። በእረፍቷ ቀን ስለ ወጥ ቤቱ ስታወራ ጆቴም ሳይታወቀው ፈገግ ይላል። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ወጧን ቀምሳ ዝም ማለቷን፣ ዝምታዋም ምስጋና መሆኑን ስንት ጊዜ ነግራዋለች። ይህ ሁሉ በእሱ ማንኪያ ምክንያት እንዲቀር አልፈለገም።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ምሳ አቅርቦ ቢጣራ ኦብሴ የለችም። የኑሬ በረንዳ ላይ አገኛት። የሱሃይላ ሳህን ላይ ተደፍታ በሁለት እጇ ትበላለች። ሱሃይላ ሳትበላ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታያታለች። ጆቴ ደስ ሊለው ሲል ሳህኑን አየ። ሩዝ በሥጋ ነው።

ክር ፍለጋ ጓዳ ገብቶ የነበረው ኑሬም ሲወጣ አየ። ባለበት ቆመ።

ሁለቱም የአዳማ ልጆች ናቸው። ለቅሶ አብረው ይደርሳሉ፤ በበዓል እንኳን አደረሰህ ይባባላሉ፤ የአንዱን ልጅ አንዱ ይቆጣል። ሥጋ ግን ሙስሊሙም የራሱን፣ ክርስቲያኑም የራሱን ነው የሚበላው። ማንም ማንንም ሳይነቅፍ እንዲሁ ተኑሯል።

"ወላሂ፣ እኔ አልሰጠኋትም" አለ ኑሬ።

"አውቃለሁ። ልጅ ምን ታውቃለች።" ጆቴ ጎንበስ ብሎ የልጁን እጅ አጠበ። ቀና ሲል ግን ፊቱ ፈታ ብሏል። "በላች እኮ፣ ኑሬ።"

ኑሬ አንገቱን አከከ። "እንግዲህ እኔም ልንገርህ። የእኔዋም ቤቷ አትበላም።"

"ሳህኑን ልሳ ነው የምትነሳው አላልክም?"

"የምትልሰው ድመቷ ናት።"

ጆቴ ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀ። ኑሬም ሳቀ። ከዚያ ሁለቱ አባቶች በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው መከሩ። መላውን ያመጣው ኑሬ ነው።

"ሠርግ ላይ ምን እናደርጋለን?"

"ለየብቻ ይታረዳል፤ ለየብቻ ይበሰላል።"

"ድንኳኑስ?"

"አንድ ነው።"

"እንግዲያው ድስትህን ይዘህ ና።"

በማግስቱ ጆቴ ሽሮውን በድስቱ ይዞ ኑሬ ቤት ሄደ። ኦብሴ ጥርግ አድርጋ በላች፤ ሱሃይላ የአባቷን ወጥ አልነካችም። ደግሞ በሌላው ቀን ኑሬ የራሱን ድስት ይዞ ጆቴ ቤት መጣ። ሱሃይላ በላች፤ ኦብሴ አሻንጉሊቶቿን ስትጠብቅ ምሳው አለፈ። እንግዳዋ ትበላለች፤ የቤቱ ልጅ አትበላም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለት ጎልማሶች ድስት ታቅፈው ግቢው መሃል ይገናኛሉ። ጆቴ የቤቱን ሽሮ ከነሳህኑ ለኑሬ ያስረክባል፤ ኑሬም የቤቱን ወጥ ከነሳህኑ ለጆቴ። ከዚያ አንዱ የሌላውን ልጅ ይዞ ይገባል። አዴ ኤቢሴ ጥቂት ቀን ከደጃቸው ሆነው አዩ። ኋላ አላስችል አላቸው።

"ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ" አሉ። "ሁላችሁም በየቤታችሁ ብታበሉ ምን አለበት?"

"ሞክረነዋል እኮ፣ አዴ" አላቸው ኑሬ።

ጆቴ ለዲንቄ አልነገራትም። ልጄን ቤቷ ማብላት አቅቶኝ ጎረቤት እሰዳታለሁ ብሎ ለመናገር አፈረ። ከተናገረ ደግሞ የሩዙንም ነገር መናገር ነበረበት። ዛሬ ነገ ሲል ወሩ አለቀ። በመጨረሻው እሁድ ዲንቄ ራሷ ምሳ አቀረበች። ኦብሴ ቤቷ ነውና አልበላችም። ዲንቄ ሳህኑን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ባሏን ቀና ብላ አላየችውም።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጆቴ ዱካ ላይ ተቀምጦ ሱሃይላን ሲያጎርስ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ዲንቄ ናት። የልጇን ምሳ በዓይኗ ልታይ አለቃዋን አስፈቅዳ መጥታለች፤ የሥራ ሽርጧን እንኳን አልፈታችም።

"ልጄ የታለች?"

"ኑሬ ቤት።"

"ይቺስ የማን ናት?"

"የኑሬ።"

ዲንቄ ሱሃይላን አየች፤ የማታውቀውን ድስት አየች፤ ባሏን አየች።

"የራስህን አስርበህ የሰው ልጅ ትቀልባለህ?"

"ጨምርልኝ" አለች ሱሃይላ።

ዲንቄ ዞር ብላ ግቢውን አቋረጠች። ጆቴ ከኋላዋ ተከተለ። ኑሬ ሲያያት ከስፌት መኪናው ተነሳ። ኦብሴ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ሽሮ አገጯ ድረስ ተቀብታ ትበላለች። አጠገቧ እጀታው በሽቦ የታሰረ ድስት አለ። ዲንቄ ድስቱን አወቀችው። ክዳኑን አንስታ በጣቷ ቀመሰች።

"ይሄ የእኔ ሽሮ ነው" አለች።

ጆቴ ሁሉንም ነገራት። ሩዙንም አልደበቀም፤ እንዲያውም ከእሱ ጀመረ። ኑሬ በመሃል ገብቶ ከዚያ ወዲህ ድስቱም ሳህኑም ለየብቻ እንደሆነ መሰከረለት። ዲንቄ ሰምታ ስትጨርስ ልጇ አጠገብ ቁጢጥ አለችና በጉርድ ቀሚሱ ወገብና በልጅቱ ሆድ መካከል ጣቷን ልታስገባ ሞከረች። ጣቷ አልገባም። ኑሬ ያጠበበው ወገብ የልጅቱ ሆድ ላይ ምልክት አውጥቷል። ዲንቄ ምልክቱን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

"ኑሬ" አለች ቀና ሳትል፣ "ይሄን ስፌት ፍታልኝ። ጠቧታል።"

ኑሬ መቀሱን ለማንሳት ሁለት ጊዜ አልተጠየቀም።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ሽንኩርቱ ጥሬ ነው። ነገ በደንብ አቁላላው።"

ጆቴ ነገ ስትል ሰማ። ነገ ሽንኩርት የሚያቁላላው እሱ ነው፤ እሷ ሆቴሏ ናት ማለት ነው። እሺ አለ።

ከወዲያኛው ቤት ሱሃይላ ትጣራለች። ማንኪያዬን ማን ወሰደው ትላለች። ጆቴ እጁን ቢያይ ማንኪያው እጁ ላይ ነው። የዲንቄን ሳቅ ከኋላው እየሰማ ግቢውን በሩጫ አቋረጠ።