የተጨመሩት ሦስት ቀናት

«ፊቷን እዩትማ! ጭረት እንኳ የለበትም።»

ሹክሹክታው የመጣው ከዳሱ ምሰሶ ኋላ፣ ለለቀስተኛው ንፍሮ ከምታድለው ከጎረቤቷ ከአሰገደች ነበር። አይናዲስ ሰማች። ሰምታም አንገቷን አላቀናችም፤ እጇንም ወደ ጉንጯ አላነሣችም። ባሏ ወልደ ሩፋኤል ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከሩቁ ከይጁቤ ጀምሮ ያለው ሴት ሁሉ እየመጣ ደረቱን ሲደቃ፣ ፊቱን ሲነጭ፣ ሙሾ ሲያወርድ፣ የሟች ሚስት ቁርበት ላይ ቁጭ ብላ ቀን ትቆጥራለች።

ጳጉሜ አንድ ጠበል ወረድን። ሁለት ጎጆውን ከደንን። ሦስት ሩፋኤል ነው፣ ዘነበ። አራት ፀሐይ ወጣ። አምስት...

አምስት ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ውስጧ ምንም አልነበረም። ሰው ዕቃውን አውጥቶ፣ ጠርጎ የለቀቀው ቤት ይመስል ባዶ ሆኖባታል፤ ይኸው ባዶነትም ያስፈራት ጀምሯል። ለሌላው ሟች ሁሉ አልቅሳለች። ለጎረቤት በሬ እንኳ አልቅሳ ታውቃለች።

ከጎኗ፣ በዚያው ቁርበት ላይ፣ የባሏ እናት እማሆይ ወለተ ሰንበት ተቀምጠዋል። ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ቆብ የደፉ፣ ከሰው ጋር ብዙ የማያወሩ ሴት ናቸው። የሰባት ዓመቷ ማሬ፣ የአይናዲስና የወልደ ሩፋኤል ብቸኛ ልጅ፣ ጉልበታቸውን ተደግፋ አንቀላፍታለች። አማትና ምራት ከቀብሩ ወዲህ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

የወልደ ሩፋኤል ታናሽ ወንድም እንዳላማው ከወንዶቹ ወገን ተነሥቶ መጣና ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«እታለም፣ ነገ ሰልስቱ ይውጣ ብቻ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከነገ ወዲያ በየኔታ ቤት ነው የሚለቀሰው።»

«ምን ልታደርግ?»

«የቀበርኩት ጠመንጃ አለ አይደል? ከገለባው ክምር ሥር አወጣዋለሁ። ወንድሜን በወረቀት ገደለው፣ እኔ በጥይት።»

አይናዲስ አፏን ከፈተች። መልሳም ገጠመችው። እንዳላማውም ዝምታዋን እንደ እሺታ ወሰደው፤ ትከሻዋን ዳበስ አድርጎ ተመልሶ ሄደ።

የኔታ የተባሉት መርጌታ ፍቅረ ሥላሴ ናቸው፣ የደብሩ መምህር። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ከሠራ ወዲህ ካንዱ አገር ወደ ሌላው ለማለፍ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ወልደ ሩፋኤል ወረቀቱን እንዳገኘ በቀጥታ የወሰደው ወደ እሳቸው ነው። የኔታ ከግርጌ በአማርኛ የተጻፈችውን አንዲት መስመር ሁለት ጊዜ አነበቡለት። «እስከ መስከረም ዐሥር» አሉት። ወልደ ሩፋኤል ግን መስከረም ሦስት ቀን ወረቀቱን እንደ ያዘ ኬላው ላይ ተገደለ፤ ጊዜው ያለፈበት ነው ተብሎ። አገሩም በየፊናው መነጋገር ያዘ። የባሕረ ሐሳብ መምህር፣ የሺህ ዓመት ፋሲካ የሚያወጣ ሰው፣ እንዴት ቀን ይሳሳታል? ለጣሊያን ቢያድር ነው እንጂ!

ትናንት የኔታ ለልቅሶ ሲመጡ ዳሱ ውስጥ የተነሣላቸው አልነበረም። ሽማግሌ ሲገባ ሕፃን እንኳ ከመቀመጫው በሚነሣበት አገር፣ ያ ሁሉ ሰው ቁርበቱን ይዞ ቀረ። ሽማግሌው ጥቂት ቆመው፣ መቋሚያቸውን ወዲያና ወዲህ ቢያደርጉም ማንም ቀና ብሎ ሳያያቸው ተመልሰው ወጡ። አይናዲስ ያን አይታለች። ኬላው ላይ የተባለውን በሙሉ የሰማ ከሷ በቀር የለም፤ ሰምታም ዝም ብላለች።

ወልደ ሩፋኤል አገሩ የሚስቅበት አንድ ጠባይ ነበረው። ሌላው ሰው ጠበል የሚወርደው ሲታመም ነው፤ እሱ የሚወርደው ደኅና ሆኖ ነው። ጳጉሜ በገባች ቁጥር ጎረቤቱ አረም ላይ ጎብጦ ሲውል፣ እሱ በቅሎዋን ስንቅና አጎዛ ጭኖ፣ ሚስቱን አስቀድሞ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ ከጨሞጋ ወንዝ ማዶ ገደል ሥር ወዳለው ጠበል ይጓዛል።

«ይኸ ሰውዬ ደግሞ ምኑን አመመው?» ይላል አንዱ።

«ሥራ ነዋ ያመመው!» ይላል ሌላው።

እሱም አብሯቸው ይስቃል። «ዐሥራ ሁለቱ ወር የመሬቱ ነው፤ ዐሥራ ሦስተኛዋ ግን የኛ ናት። አምስት ቀን ለሚስቴና ለልጄ ብኖር ማን ይከሰኛል?» ይላቸዋል።

እቤቱ ዝምተኛ ነበር። ከእርሻ ሲመለስ እግሩን ታጥቦ፣ ራቱን በልቶ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ የሚተኛ ሰው። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ግን ምላሱ ይፈታል። የየኮረብታውን ስም ለማሬ ይነግራታል፤ ያላወቀውን ከራሱ ፈጥሮ ይሰይመዋል። የሩፋኤል ዕለት የስሙ ቀን ነው፤ ዝናቡ ሲጀምር ልብሱን ጥሎ ሜዳው መካከል ይቆምና «ኑ ውጡ፣ ይኸ ሁሉ በረከት በከንቱ ይፍሰስ?» እያለ ይጣራል። አይናዲስ ታፍራለች፤ ታፍርና ደግሞ ትወጣለች። ዓመት ሙሉ የምትጠብቀው ያን ድምፅ ነበር።

ጣሊያን ከገባ በኋላ ሁለት ጳጉሜ እቤት አለፈች። በሦስተኛው ክረምት ማሬ «ጠበል መቼ ነው?» ስትል አባቷ ደብረ ማርቆስ ወጥቶ ከምሽጉ ደጅ ሁለት ቀን ቆሞ፣ ወረቀቱን ይዞ ተመለሰ። ለሦስት ሰውና ለአንድ በቅሎ ይላል ብሎ ሲስቅ፣ የበቅሎዋን ስም ያልጻፉት ረስተው ነው ሲል ትዝ ይላታል።

በጳጉሜ አምስት ማለዳ፣ እዚያው ጠበሉ ዘንድ፣ ጭነቱን እያሰረ ነበር። እናቱ ለዐውደ ዓመት ዋዜማ ይጠብቁታል። አይናዲስ ከጎጆዋ ደጅ ቆማ ውሃው ሲወርድ ታዳምጣለች። አገሩ ሁሉ ጥይትና እሳት ሆኖ፣ ተመልሳ የምትገባበትን ወሬ አሰበችና ወደ ባሏ ዞረች።

«ወረቀቱ እስከ መስከረም ዐሥር ነው የሚለው» አለችው። «ሦስት ቀን እንቆይ።»

«ጤፉስ? አረም ሊውጠው ነው እኮ።»

«አረሙ የትም አይሄድብህም። ጣሊያን መጥቶ እንኳ አልሄደ።»

ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ያሰረውን ጠፍር መልሶ ፈታ።

መስከረም ሦስት ቀን ከጨሞጋ ድልድይ አጠገብ ያለው ኬላ ላይ ሲደርሱ፣ በዚያው ሳምንት አርበኞች ከላይ በኩል የጣሊያን መኪና አቃጥለው ስለነበር ወታደሮቹ እንደ ተነካ ቀፎ ሆነው ጠበቋቸው። አስተርጓሚው ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይኸ አልፎበታል» አለ። «በነሱ አቆጣጠር ዛሬ መስከረም ዐሥራ ሦስት ነው። ወረቀቱ የሚለው የነሱን መስከረም ዐሥር ነው፤ በኛ ጳጉሜ አምስት ቀን አልቋል።»

ወልደ ሩፋኤል ቀልድ መሰለው። «መስከረም እኮ ከገባ ገና ሦስት ቀኑ ነው! የኛም የነሱም ፀሐይ አንድ አይደለም እንዴ?» አለና ከት ብሎ ሳቀ። ነጩ አለቃ ሳቁን አየና ፊቱ ጠቆረ። እሷንና ማሬን ከነበቅሎዋ ገፍተው በድልድዩ አሻገሯቸው። ጥይቱ የተሰማው ማዶ ሲደርሱ ነው። ማሬ «ምንድን ነው?» አለች። አይናዲስ «ምንም» ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወዲህ የተናገረችው ሁሉ እንደዚያ ያለ ነው።

በሰልስቱ ቀን ፍትሐቱ ከተደረገ በኋላ ሰው ዳሱን ሞላው። ቀትር ሲሆን ካህናቱ በልተው ተነሡ። እንዳላማውም ተነሥቶ ጋቢውን ወገቡ ላይ አጥብቆ ሲያስር ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የት እንደሚሄድ ያላወቀ አልነበረም፣ የያዘውም የለም።

ነገር ግን ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የኔታ ራሳቸው መጥተው ከዳሱ በር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ግቡ የሚላቸው የለም፤ እሳቸውም ካልተባሉ አይገቡም።

«ምን እግር ጣለው?» አለ እንዳላማው ጥርሱን ነክሶ።

«ልጄ፣ ላለቅስ ነው የመጣሁ» አሉ ሽማግሌው። «የተጻፈውን አንብቤያለሁ። የማን መስከረም ነው ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ዘመን ስቆጥር ኖሬ፣ ፈረንጅ ሌላ ቁጥር እንዳለው እያወቅሁ፣ አልጠየቅሁም። ብትገድለኝ አልሸሽም።»

እንዳላማው አንድ እርምጃ ተራመደ። ያኔ አይናዲስ ከቁርበቱ ላይ ሳትነሣ ተናገረች።

«እንዳላማው፣ ተው።»

ድምጿ እንግዳ ሆነባት። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ጮክ ብላ አልተናገረችም ነበር።

«የኔታ የተጻፈውን ነው ያነበቡት። ኬላው ላይ አስተርጓሚው ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ በፈረንጅ ቁጥር የተጻፈ ነው። ወንድምህ ወረቀቱ ዐሥር አለ ብሎም አልቆየም። በጳጉሜ አምስት ጭነቱን አስሮ ሊመጣ ነበር። እንቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። ደም ከፈለግህ እዚህ ነው ያለው።»

አሰገደች የያዘችውን ዋንጫ የምታስቀምጥበት አጣች። እንዳላማው ወደ አይናዲስ ዞረ፤ ፊቱ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ደም መሰለ።

«አንቺ! አንቺ እያለሽ ነው እኔ...»

«ተቀመጥ» አሉ እማሆይ ወለተ ሰንበት።

«እማ፣ እሷ እኮ...»

«ሰምቻለሁ፤ ጆሮ አለኝ። ተቀመጥ አልኩህ። የኔታ፣ እርስዎም ይግቡ፤ ፀሐይ ይመታዎታል።»

መጀመሪያ የተነሡት እማሆይ ናቸው፤ ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በአሮጌ ጉልበታቸው። ከዚያ ሌላው ሰው ሁሉ ተንኮሻኩሾ ተነሣላቸው። የኔታ ገብተው ከምሰሶው ሥር ተቀመጡ፤ እንዳላማውም ተቀመጠና በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እማሆይ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ያንቀላፋችውን ማሬን ጉልበታቸው ላይ አስደገፏት። አይናዲስ ፍርዷን ጠበቀች። ከቤቴ ውጪልኝ ቢሏት ማሬን አቅፋ ለመውጣት ተዘጋጅታለች።

«ዋዜማውን አምሽቼ ጠበቅሁት» አሉ እማሆይ ፊት ለፊት እያዩ። «እንቆይ ስትይው እሺ አለሽ?»

«ወዲያው ጭነቱን ፈታ።»

«ሳይከራከር?»

«ስለ ጤፉ አንድ ቃል ተናገረ እንጂ።»

አሮጊቷ የማሬን ራስ ዳበሱ። ከዚያ «ሦስቱን ቀን ምን አደረጋችሁ?» አሏት።

አይናዲስ ጥያቄው አልገባትም ነበር፤ ቀና ብላ ስታያቸው ግን በፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። የራበው ሰው ፊት ነበር።

«ሽሮ ሠራልን» አለች።

ከሴቶቹ አንዷ ሳቅ አመለጣትና አፏን ያዘች።

«ማን? ልጄ?»

«እሱ። ዛሬ ዐውደ ዓመት ነው፣ እናንተ ተቀመጡ ብሎ። አሳረረው። ምንም ሳናስቀር በላንለት። ለእማሆይ እንዳትነግሪ ብሎ ማሬን አስማላት።»

«ከዚያስ?»

«ማሬን ውሃው ላይ አንሳፈፋት። እጁን ከጀርባዋ ሥር አድርጎ። ስትጮህ ይስቃል።»

«ከዚያስ?»

«በመጨረሻው ቀን ፀሐዩ ጥሩ ነበር። እኔ ሣሩ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጎ ጋደም አለ። ጠጉሩ ውስጥ የገባውን የሣር ፍሬ ስለቅምለት እንቅልፍ ወሰደው። እግሬ ደነዘዘ። እንዳይነቃ ብዬ አልተንቀሳቀስኩም።»

«ምን ያህል ተኛ?»

«ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ።»

«የትኛው ጭንሽ ላይ?»

«እዚህ» አለች አይናዲስ፣ ቀኝ ጭኗን በመዳፏ ነክታ።

እማሆይ ወለተ ሰንበት የተነካውን ቦታ ጥቂት አዩት። ማሬን ቀስ ብለው ከጉልበታቸው ላይ አነሡና በቁርበቱ ላይ አስተኟት። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ በአንድ እጃቸው መሬቱን ተደግፈው ዝቅ አሉ፣ ራሳቸውንም እዚያ ላይ አኖሩ።

የአይናዲስ እጅ አየር ላይ ቆመ። ቆይቶ ወረደ። በሁለት ጣቷ ከአሮጌው ቆብ ላይ የሌለ የሣር ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች።